የቧንቧ ውሃ የገደለው እንቁራሪት

የጽዳት ሠራተኛዋን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ጽዱ» ይላታል። ቆሻሻ ካየች እጇ አያርፍም። ዘበኛው «ይቺ ሴትዮ ከሰል ቢሰጧት አጥባ ነጭ ታደርገዋለች» እያለ ያሾፍባታል።

እዚያው እንስሳት የምታጠናው ዶክተር ከረግረግ ያመጣችውን እንቁራሪት በመስታወት ሣጥን አድርጋ እንድትጠብቀው የሰጠችው ለጽዱ ነበር። «እማማ፣ ይሄ እስከ ዛሬ ማንም ያልመዘገበው ዓይነት ነው። መልኩ ከሚታወቀው ዘመዱ ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ የሚለያቸው ድምፁ ነው። እዚያ ሲጮኽ ሰምቼዋለሁ፣ የድምፅ መቅጃዬ ግን ረጥቦ ተበላሽቶብኝ ነበር። እዚህ ካልቀዳሁት አዲስ ነው ብል ማን ያምነኛል? አደራዎን፣ ውሃውን ከዚህ ጄሪካን ብቻ!»

ጄሪካኑ የያዘው የረግረግ ውሃ ነው፤ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ዶክተሯ ለስብሰባ በሄደች ቀን ሽታው ጽዱን አላስቀምጥ አላት። የተማረ ሰው ቆሻሻ አይታየውም ብላ ደፋችው። ሣጥኑን ፈትጋ፣ አለቅልቃ፣ ከቧንቧው ኩልል ያለውን ሞላችለት። ጀርም ማጥፊያ መድኃኒት የተጨመረበት፣ ሰው የሚጠጣው ውሃ እንቁራሪት ይገድላል ብላ በምን ልቧ ታስብ? በማግሥቱ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፎ አገኘችው።

ዶክተሯ ስትመለስ እንባዋ መጣ። «ከቦታው አንሥቼ የገደልኩት እኔ ነኝ። እርስዎማ እንደ ልጅ ነው የያዙት። እንግዲህ ያለ ድምፁም ቢሆን እሟገታለሁ። ከተቀበሉኝ መጠሪያውን በእርስዎ ስም ነው የማወጣው።»

ዘበኛው ከበሩ ላይ ሰምቶ ሳቀ። «እልል በይ እንጂ! እኛ ስንሞት ስማችን ይጠፋል፤ አንቺ ረግረግ ለረግረግ ስትዘዪ ልትኖሪ ነው!»

ጽዱ ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ግን በገዛ እጇ በገደለችው ፍጥረት ላይ ስሟ ሲለጠፍ ታያት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ልጄ፣ ስሜን ተዪው» አለች፣ ዓይኗን ከመወልወያዋ ሳትነቅል። «የጄሪካኑን ደፍቼ የቧንቧ ሞላሁለት። ቆሻሻ መስሎኝ።»

የዘበኛው ሳቅ አፉ ላይ ቀረ። ዶክተሯ ጄሪካኑን አንሥታ ነቀነቀችው፤ ባዶ ነው።

«ነግሬዎት ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ።

«ነግረሽኛል።»

«ዝናብ እስኪመጣ እንደሱ ያለ ሌላ እንቁራሪት አይገኝም።»

ጮኻ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። ጽዱ ጎንበስ ብላ አሁን የወለወለችውን ወለል እንደገና ትወለውል ጀመር።