ወደ አንኮበር፣ ቀጭ በምትል መኪና

ደብረ ብርሃን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

የእህቴ ልጅ ቢኒያም አንዲት የአንኮበር ልጅ ወዷል። ለእሱ ሚስት ልንለምን ሦስት ሽማግሌዎች ተነሣን፤ ጋሽ ተሰማ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ደምሴና እኔ። የልጅቷ አባት አቶ ግርማ ከረፋዱ አራት ሰዓት ይጠብቁናል። «አጎቴ፣ እንዳታረፍዱ አደራ! ሰውየው ቀጠሮ ያፈረሰ አይወዱም» ብሎ ቢኒያም ትናንት ሦስቴ ደውሎልኛል።

ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ። ደገምኩ። ቀጭ። ሞተሩ ወይ ፍንክች!

ደሜ ፈላ። ባትሪው ከተገዛ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። የሸጠልኝና የገጠመልኝ ዘሪሁን የሚባል መካኒክ ነው። ትናንትም መኪናዋ እንዲሁ አስቸግራኝ ስለነበር ጋራዡ ድረስ ሄጄ፣ በደንበኞቹ ፊት፣ «አሮጌ ባትሪ ቀብተህ የሸጥክልኝ ሌባ!» ብዬዋለሁ። «ባትሪው ደህና ነው ጋሼ፣ መኪናዋን ያምጧትና ልያት» አለኝ። አላመጣሁለትም። ሌባ ደግሞ ምን ያይልኛል?

እኔ ለዚህች አሮጌ ኮሮላ ያላደረግኩላት የለም። የከተማችን ብርድ ባትሪ ይገድላል ሲሉ ሰምቼ፣ ማታ ማታ የባትሪውን ገመድ ፈትቼ ባትሪውን ከሱፍ ብርድ ልብሳችን በቆረጥኩት ቁራጭ እጠቀልለዋለሁ። ጠዋት ገመዱን መልሼ በእጄ እገጥማለሁ። ባለቤቴ የተቆረጠውን ብርድ ልብስ ያየች ቀን አኩርፋኝ ነው የዋለችው። ይህን ያህል ተንከባክቤ ውጤቱ ቀጭ!

ጎረቤቶች ገፍተው አስነሡልንና ወጣን።

መንገድ ላይ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ

ግራና ቀኙ የገብስ ማሳና የድንጋይ ካብ ነው። ከመንገድ ዳር አንድ ስኒ ቆሎ በሃያ ብር ገዝተን እየቆረጠምን ስንሄድ ንዴቴ ትንሽ በረድ አለ። ጋሽ ተሰማ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲያዩ «ልሳለም» ብለው ወረዱ። እኔም በልማድ ሞተሩን አጠፋሁት። ተመልሰው ሲገቡ፣ ቀጭ!

«ገዱ አላማረኝም» አሉ ጋሽ ተሰማ፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው። «ሦስተኛ ከቆመች እንመለሳለን። እግዜር ያልፈቀደውን ጋብቻ እኔ አልለምንም።»

«ጋሼ፣ የዘሪሁን ሌብነት ከእግዜር ፈቃድ ጋር ምን አገናኘው?»

«እኔ ተናግሬያለሁ» አሉ።

ከእንግዲህ የቢኒያም ትዳር በዚህች መኪና ላይ ተንጠለጠለ። መምህር ደምሴና ሁለት መንገደኞች ገፍተው አስነሡልን። እኔ እስከ አንኮበር ድረስ ዘሪሁንን በሆዴ ስረግም ሄድኩ።

አንኮበር፣ አራት ሰዓት ከሩብ

ረጃጅሞቹን የጅብራ ተክሎች ጉም ውጧቸዋል። ዳገቱ ላይ አንድ አህያ መንገድ ዘጋብኝና ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን ባዞር፣ ቀጭ። ጋሽ ተሰማ ወርደው ፊታቸውን ወደ መጣንበት አዞሩ። እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው።

ከአንድ ወፍጮ ቤት ፊታቸው በዱቄት የነጣ ሰው ወጡ። «ምን ሆናችሁ?»

ስለ ዘሪሁን ሌብነት ከሀ እስከ ፐ ነገርኳቸው። ሰምተውኝ ሲያበቁ ኮፈኑን አስከፈቱኝ።

«መብራቷን አብራና ቁልፉን አዙር።»

አዞርኩ። ቀጭ ሲል መብራቱም ድርግም አለ።

«በቃ፣ ባትሪው ሞቷል» አልኩ።

«ቆይ እንጂ! ባትሪ ሲደክምም፣ ገመዱ በደንብ ሳይያዝ ሲቀርም እንዲሁ ነው የሚያደርገው። የወፍጮዬ ሞተርም ሁለቱንም አሳይቶኛል።» ገመዱ ከባትሪው ጋር የሚያያዝበትን ብረት በሁለት ጣት ቢነኩት ዞረ። አወለቁት። ከውስጡ የሱፍ ክር ጎትተው አወጡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ እፍኝ ሙሉ።

«ይህን ማን አስገባው?»

ማታ ስጠቀልል፣ ጠዋት ስገጥም፣ ሱፉን አብሬ ስጠቀጥቅ የኖርኩት እኔ ነኝ። ብረቱንም በመፍቻ አጥብቄው አላውቅም።

«እኔ» አልኩ።

ሰውየው ብረቱን በቢላ ፍቀው በመፍቻ አጠበቁት። አዞርኩ፤ በአንዴ ተነሣች! ጋሽ ተሰማ እንኳ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። የአቶ ግርማን ቤት ያውቁ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ሰውየው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «እኔ ነኝ። ደግሞም አርፍዳችኋል» አሉ።

እቤት ገብተን እንደ ወጉ ቆመን ለመንን። ተቀመጡ ብለው አስቀመጡን፤ መልሳቸው ግን አጭር ነበር።

«ልጁን አላውቀውም። ያየሁት አጎቱን ነው። አጎቱ በራሱ ጥፋት ሰው ሌባ ሲል ሰማሁ። ነገ የእኔ ልጅ ወጥ ብታሳርርስ ምን ልትባል ነው? መጀመሪያ ሄዶ ሰውየውን ይካስ። ከዚያ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ።»

ጋሽ ተሰማ «እውነት ነው» አሉ። እስካሁን በዘሪሁን ላይ የተናደድኩት ሁሉ ወደ ራሴ ዞሮ አንገበገበኝ።

ደብረ ብርሃን፣ አሥር ሰዓት

ወደ ቤት ሳልገባ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ነዳሁ። ትናንት ከነበሩት ደንበኞች አንዳንዶቹ እዚያው ነበሩ፤ ደግ ሆነ። ከአንኮበር ይዤ የመጣሁትን የሱፍ እፍኝ ዘሪሁን መዳፍ ላይ አስቀመጥኩና፣ «ሌባ አይደለህም። ደንቆሮው እኔ ነኝ» አልኩት። ድምፄ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ያለ ነበር። ሰው በራሱ ላይ ሲናደድ የሚጮህበት ሌላ ሰው እንደማያገኝ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው።

ሱፉን ከየት እንዳወጣነውና አቶ ግርማ ያሉንን ሁሉ ነገርኩት። ዘሪሁን ሱፉን አገላብጦ አየው። «ቀጠሯችሁ መቼ ነው?»

«በአሥራ አምስት ቀን።»

«እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

«መኪናዋ እኮ ተሠራች!»

«እሷን አምናታለሁ ጋሼ» አለ። «የማላምነው እርስዎን ነው።»