ለእህቱ የገጠመላት ቁልፍ

መጀመሪያ ያየሁት ትንፋሹን ነው። ትንፋሽ ይታያል ወይ ለሚለኝ፣ ይታያል። ቁልፍ ሠሪው በተቆለፈብኝ በር ፊት ተንበረከከ፤ ከንፈሩን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ፤ ዓይኑን ጨፍኖ «እፍ» አለ። ከውስጥ የወጣችው ብናኝ በከሰዓቱ ጨረር ላይ ተንሳፈፈች። መሣሪያውን ያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። በሠላሳ ዓመት የሥራ ዘመኑ፣ አስቀድሞ እፍ ሳይል የነካው ቁልፍ የለም።

የሰፈሩ ሰው «ጴጥሮስ» ይለዋል። ስሙ አይደለም። ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ ይንጫጫል፤ እሑድ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን አይቀርም። ስለዚህ ቀልደኞቹ «ጴጥሮስ፣ የሰማዩ በር ከተዘጋ በኋላ ብንደርስ በጓሮ ታስገባናለህ አይደል?» ይሉታል። ድሮ «ለእናንተ ዓይነቱ መሰላልም አይበቃ!» ብሎ አብሮ ይስቅ ነበር። አሁን በዚያ ስም ሲጠሩት ፊቱ ይጠቁራል።

አንዲት ታናሽ እህት አለችው፤ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ አሥራ ስድስት፣ እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር። የጫማዋን ክር ያሰረላትም፣ ፊደል ያስቆጠራትም እሱ ነው። ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች በኋላ ከአንድ የአውቶቡስ ሹፌር ጋር መኖር ጀመረች። የሹፌሩ ሚስት ጥላው ከጠፋች ዓመታት አልፈዋል፤ ትሙት ትኑር የሚያውቅ የለም። ቤተ ክርስቲያን የፊተኛውን ጋብቻ አላፈርስም አለች። መዝገብ ቤቱም ሚስቲቱ ቀርባ ካልፈረመች አይሆንም አለ። ሁለቱ ሳይጋቡ ስምንት ዓመት ኖሩ። ቁልፍ ሠሪው ይህን አንድም ቀን ለቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ተናግሮ አያውቅም። እህት እንዳለችው እንኳ አይናገርም።

ቢሆንም ይወዳት ነበር። ሌባ በበዛ ጊዜ በእጁ ያበጀውን ቁልፍ በሯ ላይ ገጠመላት።

«እታለም፣ ይህን ካንቺ በቀር የሚከፍተው የለም።»

«አንተስ ጋሼ?»

«እኔማ ካልፈቀድሽልኝ እጄን አልሰድም።»

የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እሱ ግን ይህን የተናገረው እየሳቀ ስለነበር ቃል መሆኑን ልብ አላለውም።

ቁልፉን በገጠመላት በሁለተኛው ዓመት፣ የከተማው ምክር ቤት ሳይጋቡ አብሮ መኖርን የሚከለክል ደንብ እንዲያወጣ ጉባኤው ፊርማ አሰባሰበ። ቁልፍ ሠሪው ፈረመ። ሕግ ማለት በገደል አፋፍ የሚታጠር አጥር ነው፤ አጥር ደግሞ ለሚወዱት ሰው ይታጠራል ብሎ አሰበ። እህቱ ሰምታ ሱቁ ድረስ መጣች።

«ኃጢአተኛ ነሽ ካልክ ንገረኝ ጋሼ። አሳድገኸኛል፣ ብትቆጣም ያምርብሃል። ፖሊስ ለምን ትልክብኛለህ?»

«እኔ ምን አገባኝ? ሕጉ ነው።»

«ሕጉ ላይ የፈረመውስ ማን ነው? ጎረቤቴ?»

«ለነፍስሽ ብዬ ነው።»

«ነፍሴን ለጌታ ተውለት። እሱ እንኳ በር ያንኳኳል እንጂ ቁልፍ አይፈታም።»

«አሁን ደግሞ አንቺ ልትሰብኪኝ?» አለና ፊቱን ወደ ሞረዱ መለሰ።

ደንቡ ጸደቀ። አንድ ነገር ግን ነበረው፦ በር መስበር አይፈቅድም። ባለሙያ በሰላም ካልከፈተው ፖሊሶቹ ተመልሰው መሄድ ነበረባቸው። በአካባቢው ደግሞ ከእሱ ሌላ ቁልፍ ሠሪ አልነበረም።

አንድ ማለዳ ሁለት ፖሊሶችና የጉባኤው ሽማግሌ መጥተው «ተከተለን» አሉት። ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ። ወደ እህቱ ቅያስ ሲታጠፉ ወዴት እንደሚወስዱት ገባው። ከበሩ ፊት ሲቆሙ የገዛ እጁ ሥራ አፈጠጠበት።

«ምነው ላብ አጠመቀህ? የቤቱን ሰዎች ታውቃቸዋለህ እንዴ?» አለ አንዱ ፖሊስ።

ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው።

«አላውቃቸውም» አለ ቁልፍ ሠሪው። ዶሮ እስኪጮኽ መጠበቅ አላስፈለገውም፤ ቃሉ ከአፉ እንደወጣ አወቀው።

አሁንም «ይህ አይከፈትም» ቢል ያበቃ ነበር። ግን ፖሊሱ ቁልፉን ዳሰስ አድርጎ «ይሄማ ለጴጥሮስም የሚበገር አይመስልም» ሲል፣ እንደ ሞኝ ሙያው ላይ የተነሡበት መሰለው። ይህንን ሲያወራ እስከ ዛሬ ጥርሱን ያፋጫል። ተንበረከከ፤ እንደ ልማዱም እፍ አለ።

ከውስጥ ሲንኳኳ የነበረው የስፌት መኪና ቀጥ አለ።

በአራት ደቂቃ ከፈተው። ኃጢአት ሊይዙ የጓጉት ሰዎች ያገኙት፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ የተወሳሰበ ክር የሚፈታ ጎልማሳና እግሯን ከመኪናው መርገጫ ያላነሣች ሴት ነው። ፖሊሶቹ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። እሷ እነሱን አላየቻቸውም።

«ጋሼ» አለች፣ «እፍ ስትል ሰማሁህ።»



እሷና ሹፌሩ ተለያይተው ሊኖሩ ፈረሙ። ሹፌሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ መጀመሪያ እየመጣ ይጠይቃት ነበር፣ በኋላ ቀረ። የጠፋችው ሚስት አልተመለሰች። ድሮ የማን እህት እንደሆነች ሳይታወቅ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ትጸልይ የነበረችው እህትም የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ረገጠች አይባልም። ሽማግሌው ግን የቁልፍ ሠሪውን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «መልካም ሠራህ» አለው።

«ዛሬም ቢሆን ጋብቻ ቅዱስ ነው እላለሁ» አለኝ፣ የበሬን ቁልፍ ብሎን እያጠበቀ። «ያኔም ልክ ነበርኩ ብዬ አስባለሁ እኮ። እህቴን ያጣኋት ልክ ሆኜ ነው።»

ለይቅርታ በሄደ ጊዜ ከበሩ ጀርባ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ጋሼ። በል ሂድ» አለችው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ወደ ተከራየችው አዲስ ቤት ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ ይጠብቃል፤ ይመለሳል። የዚያ በር ቁልፍ በፀጉር ሽቦ የሚከፈት ተራ ነገር ነው። አንድም ቀን እጁን አልሰደደበትም።

«ያለፈው ቅዳሜ ሳንኳኳ የስፌት መኪናው ቆመ። ትንሽ ቆየና ቀጠለ።» ቶሎ ብሎ ደግሞ «ክር ተበጥሶባት ይሆናል» አለ፤ ተስፋውን ሰው እንዳያይበት የፈራ ይመስል።

የእኔ በር ሥራ አለቀ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። እጁን ታጠበ፤ ከወገቡ የቁልፉን ዘለላ ፈታ፤ ቦርሳው ውስጥ ከተተና አቀበለኝ።

«አደራ፣ ስመለስ እወስደዋለሁ።»

«ቁልፎቹን እንኳ ያዛቸው እንጂ።»

«ኧረ ይቅር! በሩ ላይ ሲንጫጩ ብትሰማ፣ ልከፍት የመጣሁ ይመስላታል።»

ወገቡ ባዶ ሆኖ በመንገዱ ዳር ወረደ። ኮቴው አይሰማም። ከማዕዘኑ ሲደርስ ኮሌታውን አስተካከለ፤ የሚያንኳኳበትን እጁን በሱሪው ጠረገና ታጠፈ።