ከመኪና የወረደው ዲናሞ

የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ የላላ መኪና በደጃችን ሲያልፍ የሚያሰማውን ያን ስል ጩኸት ዛሬም ከሩቅ አውቀዋለሁ። ሌላው ሰው ሾፌሩን ረግሞ መንገዱን ይቀጥላል፤ እኔ ግን የያዝሁትን አስቀምጬ እቆምና፣ ሰባታሚት ከቤታችን ጓሮ፣ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ጫፍ ላይ ይሽከረከር የነበረውን የአባዬን የነፋስ መብራት እሰማለሁ።

አባዬ ከወሎ መጥቶ ባሕር ዳር የቀረ የኤሌክትሪክ መምህር ነበር። ከከተማዋ ዳር ሰባታሚት ላይ ቤት ሠርተን ስንገባ የመንግሥት መብራት ምሰሶው ተተክሎ ሽቦው ገና አልተዘረጋም ነበርና፣ ማታ ማታ የኩራዙ ጭስ እማዬን ያስላት ነበር፤ አባዬም «ለሰው ልጅ መብራት እያስተማርሁ የራሴ ቤት ጨለማ» እያለ በራሱ ይቀልድ ነበር። አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ነበረችን፤ ቤንዚን እንደ ልብ ስለማይገኝ ግን ከምትሄድበት ቀን የምትቆምበት ይበዛ ነበር። ጥምቀት አልፎ የጣና የከሰዓት ነፋስ ቆርቆሮውን ማንኳኳት ሲጀምር፣ አባዬ «ቆማ ከምትዝግ ታብራልን» አለና፣ ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ከመኪናዋ ፈትቶ አወረደው። የፕላስቲክ ቱቦ ሰንጥቆ ክንፍ ሠራለት፣ ፍጥነት እንዲጨምር ከብስክሌት ቸርኬ ጋር በቺንጋ አገናኘው፣ ባትሪዋንም አውጥቶ ከጓሮው ግድግዳ ሥር አስቀመጠው።

እማዬ ያኔ አራተኛ ወሯ ነበር። ምጥ ሲመጣባት በምን እንደምትሄድ ስትጠይቀው፣ አባዬ የሞላ ባትሪ ያለ ዲናሞም ሆስፒታል ድረስ እንደሚያደርስ፣ ባትሪውን መልሶ ለመግጠምም አሥር ደቂቃ እንደማይፈጅበት አስረዳት፤ እንድታምነውም አንድ ጀሪካን ቤንዚን ገዝቶ ዕቃ ቤት አስቀመጠና «ይቺ የልጁ ናት፣ ማንም እንዳይነካት» አለን።

ጋሽ ሰይድ የሚባሉ፣ ከሐይቁ ዳር የጀልባ ሞተር የሚጠግኑ ሽማግሌ ወዳጅ ነበሩት። አንድ እሑድ መጥተው ወደ ምሰሶው ጫፍ ሲያንጋጥጡ ቆዩና፣ «መምህር፣ ይኼ የሞተር ፍጥነት የለመደ ነው» አሉት። «ነፋሱ ቀስ ሲል አይሰጥዎትም፣ ከባትሪው ይጠጣል እንጂ። እኔ ዘንድ ማግኔት ያለው አሮጌ ጀነሬተር ወድቋል፤ እሱ ቀስ ብሎ ቢዞርም ይሰጣል፣ ይውሰዱት።»

ነገሩ እውነት ነበር። የመኪና ዲናሞ የራሱ ማግኔት ስለሌለው መጀመሪያ ከባትሪው መበደር አለበት፤ በፍጥነት ሲዞር አትርፎ ይመልሳል፣ ሲያዘግም ግን የወሰደውን ይዞ ይቀራል። አባዬ ይህን ሳያውቀው ቀርቶ አልነበረም። ነገር ግን ተማሪዎቹን በየተራ እያመጣ አሳይቷቸው ነበር፤ ያስተማረ ሰው መማር ደግሞ ይከብደዋል። አመስግኖ ሸኛቸውና ግድግዳው ላይ ዲናሞውን ከባትሪው የምታገናኝና የምትለይ አንዲት ማብሪያ ገጥሞ ሥራዋን ለእኔ ሰጠኝ፤ ከትምህርት ቤት ቀድሜ የምገባው እኔ ነበርሁ። ነፋስ ሲነሳ አበራለሁ፣ ነፋስ ሲቆም አጠፋለሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ፣ ከዚያ የሚበልጥ ሹመት ያለም አይመስለኝም ነበር።

መጋቢትና ሚያዝያ የደስታችን ወራት ነበሩ። ቺንጋው ሲጮህ እኔ ወደ ጓሮ እሮጥ ነበር፤ ሲመሽም አንዷ አምፖል ትበራና እማዬ ከሥሯ ቁጭ ብላ ለሚመጣው ልጅ ኮፍያ ትሠራ ነበር፣ ጎረቤቶችም ሰበብ እየፈለጉ ብቅ ይሉ ነበር። ግንቦት ላይ ነፋሱ ደከመ። አምፖሏ እየቀላች፣ እየቀላች ሄደች፤ አባዬም አንዴ ክንፉን ሲሞርድ፣ አንዴ ምሰሶውን ሲያስረዝም ሰነበተ እንጂ ዲናሞውን አንድ ቀን አልጠረጠረውም።

ሰኔ መጨረሻ አንድ ከሰዓት፣ ዝናብ የሚያስከትል ነፋስ ተነሣና ሮጬ አበራሁ። ወዲያው በረዶ ወረደ። የጎረቤታችን ልጅ በረዶ እንድንለቅም ጠራችኝና፣ በሣህን እየለቀምን፣ አፋችን እስኪደነዝዝ እየበላን፣ በስብሰን ገባን። እማዬ ተቆጥታ ልብስ ቀየረችልኝ። ነፋሱ ከዝናቡ ጋር ሄዶ ነበር፤ ማብሪያዋን ግን ረሳኋት። ያን ማታ እማዬ ደክሟት ሳይጨልም ተኛች፣ አባዬ ፈተና ሲያርም አምሽቶ በእጅ ባትሪ ብርሃን ገባ፣ አምፖሏን አብርቶ የመኪናዋን ባትሪ መድከም ያየ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ምጡ ቀኑ ሳይደርስ መጣ። አባዬ ባትሪውን ተሸክሞ ገጠመ፣ ጀሪካኑን ገለበጠ፣ ቁልፉን አዞረ፤ መኪናዋ አንዴ «ቀጭ» ብላ ዝም አለች። ጎረቤቶች መጥተው በጭቃው ውስጥ ገፏት። ባትሪው ባዶ የሆነ፣ ዲናሞም የሌለው መኪና ቢገፉት እንደማይነሣ አባዬ ያውቅ ነበር፤ ሆኖም አብሮ ይገፋ ነበር። በዚያ ጭቃ ባጃጅ አይገባም፤ ስለዚህ እማዬን በአልጋ ተሸክመው ወደ አስፋልቱ ሊሄዱ ተነሡ። አባዬ ግን አንድ አፍታ ወደ ጓሮ ዞረ፤ ተከተልሁት። ማብሪያዋ በርታ ነበር። አያት፣ ዞሮም እኔን አየኝ፣ ከዚያ በጣቱ አጥፍቷት ወደ አልጋው ተሸካሚዎች ሮጠ።

አስፋልቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና አገኙ። እማዬ ተረፈች። ወንድሜ ግን ሳያለቅስ ተወለደ፣ ሳያለቅስም ተቀበረ።

በሦስተኛው ቀን ቤት ገባች። አጥሚት ይዤላት ስገባ አባዬን «መኪናዋ ለምን እንቢ አለች?» ብላ ስትጠይቀው ደረስሁ። አባዬ ወደ እኔ አላየም። «ማብሪያዋን ሳላጠፋ ረሳሁ» አላት። እኔም አጥሚቱን ከራስጌዋ አስቀመጥሁ። እማዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

መስከረም ሲጠባ አባዬ ዲናሞውን አውርዶ ለመኪናዋ መለሰላት። እማዬ ሰድባው አታውቅም፤ ምግቡን አቅርባለት ትወጣ ነበር እንጂ፣ እሱም ብቻውን በልቶ እጁን ይታጠብ ነበር፣ ዓመታችንም እንዲሁ ያልፍ ነበር። አድጌ፣ እሱም ታሞ አልጋ ሲይዝ፣ እውነቱን ለእማዬ እነግራታለሁ ልለው አጠገቡ ተቀመጥሁ። ገና ስጀምር እጄን ያዘኝ።

«ተይው» አለኝ። «እኔን መቀየም ለምዳዋለች። አንቺን ከተቀየመች ማን ይቀራታል?»

ቀበርነው። እሷም እንደተቀየመችው ቀረች።

ዛሬ በዚያው ቤት ከእማዬ ጋር እኖራለሁ። ሽቦው ከተዘረጋ ቆይቷል፤ ያኔ አራት ቤተሰብ በአንድ አምፖል ሥር እንጨዋወት ነበር፣ አሁን ሁለት ሰዎች በየክፍላችን አብርተን እንቀመጣለን። ጋሽ ሰይድ ልክ እንደነበሩ፣ ያ ባትሪ ከዚያም በፊት ጠግቦ እንደማያውቅ፣ ማብሪያዋን ባጠፋት ኖሮም ምናልባት መኪናዋ ትነሣ እንዳልነበር አሁን ይገባኛል። ይገባኛል እንጂ አያጽናናኝም። አንዳንድ ቀን ጠዋት ለሥራ ስቻኮል የመኝታ ቤቴን መብራት ሳላጠፋ እወጣለሁ፤ እማዬም ከበረንዳው ትጠራኛለች።

«አባትሽን ነው የወጣሽው» ትለኛለች፤ «ማጥፋት ትረሻለሽ።»

«እሺ እማዬ» እላትና ተመልሼ አጠፋለሁ።