አውራ ጣቷን የከለከለችው ሲንዱታይ

ሲንዱታይ ጥጥ በሚበቅልበት በያቫትማል አገር የሰው ጥጥ ስትለቅም ያረጀች፣ ድምጿ እንኳ የማይሰማ ሴት ነበረች። ባሏ ናምዴቭ ደግሞ በቀን ሥራ የተባይ መድኃኒት ይረጫል። ያን ዓመት ጥጡ ከሰው ቁመት በልጦ ስለነበር፣ ሽቅብ የረጨው ሁሉ እላዩ ላይ ይወርዳል።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ማሳው መሃል ወድቆ አገኘችው። ላብ አጥምቆታል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ አክሏል፤ የክንዱ ሥጋ ለብቻው ይርገበገባል።

የማሳው ባለቤት ባፑራኦ ደረሰ። "መድኃኒቱን ጠጥቶት ነው። ወተት ጋቺውና ያስመልሰው።"

"ወተትዎን ለድመትዎ ያቆዩት" አለችው። "የሚሸተው አፉ አይደለም፣ ሸሚዙ ነው።"

የመንደሩ ነርስ ለሴቶቹ ያስተማረችውን አልረሳችም። እጇን በፌስታል ጠቅልላ ልብሱን ገፈፈችና ውኃ በሳሙና ታወርድበት ጀመር።

"ኧረ ሰው ፊት፣ ነውር ነው" አለች ከለቃሚዎቹ አንዷ።

"ነውር አይገድልም።"

የመድኃኒቱን ጠርሙስ ይዛ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችው። ሐኪሙ ጽሑፉን አነበበና "የፎስፈረስ ዘር የሆነ መርዝ ነው" አለ። አትሮፒን የተባለውን ማርከሻ በየአምስት ደቂቃው መጠኑን እጥፍ እያደረገ ወጋው፤ ነርቩን ከመርዙ የሚያላቅቅ ሌላ መድኃኒትም ጨመረ። ትንፋሹ ሲደክም በማሽን አስተነፈሱት።

በማግስቱ ባፑራኦ ፖሊስ አስከትሎ መጣ። "እዚህ ላይ አውራ ጣትሽን አትሚ" አላት ፖሊሱ የተጻፈ ወረቀት ዘርግቶ።

"መጀመሪያ ያንብቡልኝ።"

"ከሚስቱ ተጣልቶ መርዝ ጠጣ፤ ባለማሳው የለበትም፣ ይላል።"

ሲንዱታይ አውራ ጣቷን በጡጫዋ ውስጥ ቀበረችው። "አንዴ ማሳው መረዘው። አሁን ደግሞ በወረቀት ልትደግሙት ነው?"

"ሴትዮ፣ እኛ ሥራ አለብን።"

"እኔም አለብኝ። ጥጡ ግን ይጠብቀኝ።"

ሁለት ቀን ሙሉ ከሆስፒታሉ በር ንቅንቅ አላለችም። በሦስተኛው ቀን ሐኪሙ "መርዙ የገባው በቆዳውና በትንፋሹ ነው" ብሎ ጻፈ፤ ፖሊሱም እያጉረመረመ የወረቀቱን ቃል ለወጠ። ያኔ ጣቷን ሰጠች።

ናምዴቭ በዘጠነኛው ቀን ከማሽኑ ተላቀቀ። ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም፤ መርጫ ዳግመኛ አልተሸከመም።

በሚቀጥለው ክረምት ባፑራኦ ረጪ ሲጠራ፣ አሥራ አንድ ሴቶች መከላከያ ካልመጣ ብለው ባሎቻቸውን ከልክለው ማሳው ዳር ቆሙ። "ቅብጠት ነው" አለ። ማሳው ሳይረጭ ቀርቶ ትል ሦስት ቀን ጥጡን በላ። በአራተኛው ቀን ጓንትና የአፍ መሸፈኛ በካርቶን አመጣ።

ሲንዱታይ ጓንቱን አንድ በአንድ እየነፋች ፈተሸችው። የተቀደደውን መለሰችለት።