አፋኙ የጠቆመኝ ጣቢያ

የደርግ ሰዎች የያዙኝ የጎረቤቴን ሬዲዮ ፈታትቼ ሳለሁ ነው። ብየዳውን ልጨርስ ብዬ ብለምናቸውም አልፈቀዱም። ያ ሬዲዮ ዛሬም ይቆጨኛል፤ እጄ ገብቶ ሳይናገር የቀረው እሱ ብቻ ነው። ጥገና ማንም አላስተማረኝም። የተበላሸ እየፈታሁ፣ የተቃጠለ እያሸተትኩ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ በከተማው የሚስተካከለኝ አልነበረም።

የታሰርኩበት ክፍል ቆርቆሮ ጣሪያና ሲሚንቶ ወለል ነበረው። ስንተኛ ሁላችንም በአንድ ጎን ነው፤ አንዱ ሲገለበጥ ሁሉም ይገለበጣል። በሩ አጠገብ የሰፈራችንን መምህር አየሁት። እግሩ አብጦ ጫማው ከጎኑ ተቀምጧል።

«ምን አድርገህ ነው?» አልኩት።

«ለአንተ የጣቢያ ቁጥር ሰጥተሃል ይሉኛል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ያኔ ከውጭ አገር በአማርኛ የሚያሰራጭ አንድ ጣቢያ ነበር። መንግሥት እላዩ ላይ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ድምፅ ይለቅበታል። ጣቢያውም ቦታ ይለቃል፤ ዛሬ ሠላሳ አንድ ሜትር ባንድ ላይ ያገኘነው በማግስቱ ሃያ አምስት ላይ ይሰማል፣ ክረምትና በጋ ሲለዋወጡም ይዛወራል። ሰፈሩ አዲሱን ቦታ የሚያውቀው ከእኔ ነበር። ሬዲዮ ያመጡልኛል፣ እኔም የቁጥሩ መስታወት ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ አደርግላቸዋለሁ።

መርማሪው ግን፣ ጣቢያ ማለት እንደ መሥሪያ ቤት አንድ አድራሻ ያለው ነገር መስሎታል። ስለዚህ አዲሱን አድራሻ የነገረኝ ሰው መኖር አለበት። እንግሊዝኛ የሚያውቅ መምህር ከሱቄ ሲወጣና ሲገባ ስለታየ እሱን ያዘ።

አንድ ቀን ወደ ምሽት አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ጥሩ ሬዲዮ ተቀምጧል።

«መምህሩ ነው የነገረህ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ማነው?»

«እናንተ ናችሁ፣ ጓድ።»

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ በጥፊ አለኝ። ከንፈሬን በትከሻዬ ጠርጌ አስረዳሁት። ጣቢያው በሄደበት ሁሉ ወፍጯችሁ ይከተለዋል፣ እኔ ደግሞ ወፍጮውን እከተላለሁ አልኩት። የሚጮኸው ጣቢያው ባለበት ነው፤ ከጩኸቱ ዳር የፀጉር ያህል ፈቀቅ ካሉ ድምፁ ሾልኮ ይመጣል።

«አሳየኝ» አለ።

ካሳየሁት በራሴ ላይ መሰከርኩ፤ ካላሳየሁት መምህሩ በዚያ እግሩ ወደ ምርመራ ይመለሳል። እጄን አስፈታሁ። ጣቶቼ ደንዝዘው ስለነበር ብብቴ ውስጥ አሞቅኳቸው። ከዚያ የሬዲዮውን ቁልፍ ቀስ አድርጌ አዞርኩት። ወፍጮው መጣ። አለፍ አልኩ። ዜና አንባቢው ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ ይሰማ ነበር።

መርማሪው ያጠፋዋል ብዬ ጠበቅሁ። አላጠፋውም። ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። የመታኝ ዘበኛም ከበሩ ወደ ሬዲዮው ጠጋ ብሎ ነበር።

መምህሩ ብዙም ሳይቆይ ተፈታ። እኔ ቀረሁ።

ከዚያ መርማሪው እንደገና አስጠራኝ። ጣቢያው ቦታ ለቋል። መርማሪው ብቻውን ሲፈልገው ቆይቶ ኖሮ የሬዲዮው መርፌ ምንም በሌለበት ጥግ ተሰክቷል። ጣቢያውን በየምሽቱ ባገኝለት፣ መስኮት ወዳለው ክፍል ሊያዛውረኝ፣ ስለ መፈታቴም ሊያስብበት እንደሚችል በለሰለሰ ድምፅ ነገረኝ። የሬዲዮው ቁልፍ ከእጄ ብዙም አይርቅም ነበር። ወፍጮው የት እንዳለ ለመገመት እንኳ ጊዜ አይፈጅብኝም።

«ጆሮ አለዎት፣ ጓድ። ይፈልጉት» አልኩት።

ያቺ መልስ በዚያ ቆርቆሮ ላይ ብዙ ክረምት ሲዘንብ አሰምታኛለች። ዛሬም ቢጠይቀኝ ያንኑ እመልስለታለሁ።

አሁን አሜሪካ ውስጥ፣ ከአትላንታ አጠገብ ሎረንስቪል ነው የምኖረው። እዚህ አትላንታ አንድ የሕዝብ ሬዲዮ የአማርኛውን ሰዓት በኤፍ ኤም ያሰማን ነበር። ሰሞኑን ዋናውን ሰዓት ለሌላ ፕሮግራም ሰጥተው የእኛን ከዚያው ፍሪኩዌንሲ ሥር ወዳለ ዲጂታል ቻናል አወረዱት። እዚሁ አቅራቢያችን ዱሉዝ የምትኖረው የፕሮግራሙ አዘጋጅ ስደውልላት «አባባ፣ አፑን ዳውንሎድ ያድርጉ፣ ቀላል ነው» አለችኝ። እኔ ጣቢያ በጆሮዬ ነው የማገኘው አልኳት። ሳቀች።

መኪናዬን ደጄ ላይ ፓርክ አድርጌ በመኪናው ሬዲዮ መፈለግ ጀመርኩ። እውነት ለመናገር ከእስር ቤቱ ይልቅ ይህ ከብዶኝ ነበር። እዚህ የሚያፍን የለም፤ ወፍጮ ከሌለ ደግሞ መንገድ የሚያሳይ የለም። ግን አገኘሁት። ዋናው ቁጥር ላይ ቆሞ አንድ ደረጃ ማለፍ ነው፤ አዘጋጇም ይህን አታውቅም ነበር።

መምህሩም ዛሬ እዚሁ አቅራቢያ ማሪዬታ ነው ያለው። ፕሮግራሙ ሊጀምር ሲል ይደውልልኛል።

«አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ የት ሄደ?»

ቁጥር ሰጥተሃል ተብሎ የተገረፈው ይህ ሰው በዕድሜው አንድ ጣቢያ ራሱ ፈልጎ አግኝቶ አያውቅም። መርማሪውን የነፈግኩትን ለእሱ እነግረዋለሁ። በስልኩ የአንባቢዋ ድምፅ እስኪሰማኝም አልዘጋበትም።