ሳይበሉ የማይታለፍበት መንገድ

ትናንት የግቢያችን በር ተንኳኳ። ከጦርነቱ ሸሽቶ እዚህ መተማ፣ ከእኛ ጀርባ ያለውን ቤት የተከራየ ሱዳናዊ ጎልማሳ ነው። መሬት መሬቱን እያየ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ «አጎቴ፣ የውሃ ቧንቧ በእናንተ መተላለፊያ ማሳለፍ ይቻላል?» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ሰውየው ደነገጠ፤ እኔ ግን በሐሳብ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ደርሻለሁ።

ያኔ ወጣት ነኝ። ገዳሪፍ ውስጥ በአንድ የሰሊጥ መጋዘን ጆንያ እሸከማለሁ። ከትርንጎ ጋር ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል። ትርንጎ ወርቅ አልጠየቀችኝም። «ከአገሬ ከቋራ ጀምሮ ጀርባዬ በእንስራ ተላጠ፤ ቧንቧ የሌለበት ቤት አልገባም!» ብቻ አለችኝ። እሷ ደግሞ አንዴ ካለች አለች ነው። የተከራየኋት ክፍል ከዋናው ቧንቧ ብዙም አትርቅም። መሀል ላይ ግን የሐጂ ኡስማን የግል መንገድ አለ፤ ሎሪዎቻቸው እህል ጭነው የሚገቡበት።

የመጋዘናችንን ዘበኛ፣ የአገሬን ሰው አያ ታከለን ሽማግሌ አድርጌ፣ ቧንቧው በመንገዱ ሥር እንዲያልፍ ላስፈቅድ ሄድኩ። አያ ታከለ የሰው ልጅ ሲያስድሩ የኖሩ ናቸውና ሽምግልናን የሚያውቁት በአንድ መልኩ ነው፤ እሺ ሳይባሉ አይቀመጡም። ሐጂ እንደ አገሩ ወግ ለመቀመጫ አልጋ አስወጥተው «ተቀመጡ» ሲሏቸው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ተገተሩ።

«እሺ ካላሉን አንቀመጥም።»

የሐጂ ፊት ጠቆረ። እዚያ አገር እንግዳ አልቀመጥም ማለቱ ስድብ መሆኑን ማን ነግሮን! «መንገዱን አንዱ ቆፍሮት በክረምት ሎሪዬ በዋልካው ጭቃ ውስጥ ሰጠመ። ወላሂ፣ ሁለተኛ አይቆፈርም!» ብለው ሸኙን። ሠርጌ ከዓይኔ ፊት እልም ሲል ታየኝ።

የዚያ ዓመት ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ገጥሞ ነበር። ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል። አንድ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከሥራ ስንመለስ፣ ሐጂና ጎረቤቶቻቸው እዚያው መንገዳቸው ላይ ምንጣፍ ዘርግተው አገኘናቸው። ጥምጣማቸውን ፈትተው እንደ ገመድ ወጥረው አላፊ አግዳሚውን ያግዳሉ። በማፍጠሪያ ሰዓት ሳይበላ የሚያልፍ የለም፤ ሎሪ እንኳ ይቆማል። እኛንም ያዙን። አያ ታከለ የፊተኛው ትምህርት ሆኗቸው ፈጥነው ተቀመጡ። የቀረበው የማሽላ ገንፎ ግን የሥጋ ወጥ ተደፍቶበታል። እጃችንን ሰብስበን ቁጭ አልን።

ሐጂ አዩን። «ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች! እነዚህ ሰዎች ቤቴ ሲመጡ አይቀመጡም፤ ሲቀመጡ ደግሞ አይበሉም! ምን አድርጌያቸው ነው?»

«ጾመኞች ነን፣ ሐጂ። እንደ እርስዎ» አሉ አያ ታከለ።

«ጀንበሯ እኮ ጠለቀች!»

«የእኛዋ ጀንበር የምትጠልቀው ለፋሲካ ነው።»

ምንጣፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ውስጥ ተጣሩ፤ ሥጋ ያልነካው ፉል በሰሊጥ ዘይት መጣልን። ሰሊጥን በትከሻዬ እንጂ በምላሴ እንደዚያ አላውቃትም ነበር። አያ ታከለ ጠገብ ሲሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሐጂ፣ በዚህ መንገድ የማያውቁትን ሰው በግድ አቁመው ያበላሉ። የዚህ ልጅ ውሃ እኮ አቁሙኝም አብሉኝም አይል፤ ከሥር ሹልክ ብሎ ወደ ሙሽራው ቤት ያልፋል።»

ሐጂ ጥምጣማቸውን መልሰው ጠመጠሙ።

«ቆፍራችሁ ስትደፍኑት ዋልካውን አትመልሱ፤ በጠጠር ድፈኑት» አሉ በመጨረሻ። «ደግሞ በእኔ መንገድ ማንም ዝም ብሎ አያልፍም፤ ውሃም ቢሆን። መጀመሪያ ደጄ ላይ ያለውን የመንገደኛ መጠጫ ጋን ይሙላ።»

ጠጠሩን ያመጣው የራሳቸው ሎሪ ነው። በሠርጋችን ቀን ትርንጎ ቧንቧዋን ከፍታ በሙሽራ ልብሷ ላይ እየተረጨባት ስትስቅ፣ ሐጂ አንድ ሙክት እየጎተቱ ብቅ አሉ። «እናንተው እረዱት! ዛሬስ ምን ታመካኛላችሁ?»

ሐጂ ዛሬ የት እንዳሉ፣ ያ መንገድም ምን እንደሆነ አላውቅም። ያንን ምንጣፍ ሳስብ ግን አሁንም ደስ ይለኛል። ይህን ለሱዳናዊው ላወራው አፌን ስከፍት ትርንጎ ከውስጥ ተቆጣች።

«ሰውየውን ምነው በር ላይ ገተርከው?»

«ግባ፣ ተቀመጥ» አልኩት።

«ስለ ውሃው ግን...»

«ውሃውስ ያልፋል» አልኩት። «አንተ ግን ሳትበላ አታልፍም።»