እትዬ ፉአቲኖ ያልሞቱ ዕለት

ፋላኒኮ ሰው ቤት ደርሶ «እንደምን ዋላችሁ» ሲል የሚያገኘው መልስ «እግዚአብሔር ይመስገን» አይደለም። «ማን ሞተ?» ነው። አንዳንዷማ መልሱን ሳትጠብቅ ራሷን ይዛ ቁጭ ትላለች። ሰውዬው ግን ብዙውን ጊዜ የመጣው ገጀራ ሊዋስ ነው።

ጥፋቱ የድምፁ ነው። ፋላኒኮ ሃምሳ ሦስት ዓመቱ ነው። ከደረቱ የሚወጣው ወፍራም ድምፅ በመላው ሳሞዋ ወደር የለውም። ይህንኑ ድምፅ ለመግራት ኒው ዚላንድ ተሻግሮ ስድስት ዓመት ተምሯል፤ ዲፕሎማውም በመስታወት ተደርጎ ቤቱ ተሰቅሏል። አገሩ ለዚህ ሁሉ ትምህርት ያገኘችለት ሥራ ግን በዋና ከተማዋ በአፒያ በሚገኝ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ተቀምጦ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የሟቾችን ስም ማንበብ ነው። እሱ ያነብባል፣ አገር ያለቅሳል፣ ከዚያ እሱ ምሳውን ይበላል።

እዚህም የደረሰው ብዙ ዞሮ ነው። ከትምህርት ቤት እንደወጣ አውስትራሊያ ውስጥ አንድ የኦፔራ ቡድን ቀጠረው። ኦፔራ ማለት ሰው በጩቤ ተወግቶ ከመሞቱ በፊት ሩብ ሰዓት የሚዘፍንበት ቴአትር ነው። ያቺን ሩብ ሰዓት የሚያገኟት ታዲያ ዋናዎቹ ናቸው። ፋላኒኮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከኋላ ከሚደረደሩት አንዱ ነበር። ወታደር ሆኗል፣ እስረኛ ሆኗል፣ መነኩሴ ሆኗል፣ ሁለት ጊዜም ዛፍ ሆኗል። አዘጋጆቹ ቁመናውን እያዩ ጦር ማስያዝ ይወዱ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለብቻው የሚዘፍናት አንዲት መስመር ደረሰችው፤ «ንጉሡ መጡ!» የምትል። ዘፈናት፤ ንጉሡም መጡ፤ እሱም ተመልሶ ከኋላ ቆመ።

ቀጥሎ በመርከብ ለሚንሸራሸሩ ጡረተኞች ዘፈነ። ማዕበል በተነሣ ቁጥር ግማሾቹ ባልዲ ታቅፈው ነበር የሚያዳምጡት። እሱም ሲሰለቸው አገሩ ገባና አንድ ሆቴል ውስጥ የእራት ትርኢት ላይ ተቀጠረ። ሥራ አስኪያጁ ዘፈኑን አንድ ደቂቃ ያህል ሰማና፣ «ጌታው፣ ይሄ የፈረንጅ ነገር ይቅርብን። እንደ ደሴት ሰው ጩህልን» አለው። ስድስት ዓመት የተማረው ሰውዬ ቅጠል ታጥቆ፣ ችቦ እያሽከረከረ ጮኸ። አንድ ቅዳሜ ችቦው ቅጠሉን ያዘውና እየነደደ መዋኛ ገንዳው ውስጥ ገባ። ቱሪስቶቹ በሙሉ ተነሥተው አጨበጨቡለት። በሕይወቱ ሰው ቆሞ ያጨበጨበለት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ የቆርቆሮ ዓሣ ማስታወቂያ ዘፈነ፤ ይኸው እስከዛሬ የመንደር ልጆች ሲያዩት «ክፈቱት፣ ብሉት» እያሉ ይቀበሉታል። በመጨረሻ ሙታን ጋ ደረሰና ዕረፍት አገኘ።

ይህን ሁሉ ችሎታል፤ እየሳቀም ያወራዋል። ሊችለው ያልቻለው አንድ ነገር ነበር። የተወለደባት የማታቫኦ መንደር ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ አይገባም። ማታቫኦ ውስጥ የማይዘምር ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ጥርስ የሚያወጣ ሕፃን። ፋላኒኮ በየእሑዱ ሰማንያ ሰው በነጭ ልብስ ፊት ለፊት ተደርድሮ ሲዘምር፣ እሱ ከእንግዶችና ከሕፃናት ጋር አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ይህ ነገር ያንገበግበው ነበር።

የከለከሉት ደግሞ የገዛ አክስቱ ናቸው። እትዬ ፉአቲኖ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ መዘምራኑን ለአርባ አንድ ዓመት በአንዲት ማራገቢያ መርተዋል። በዚያችው ማራገቢያ የዜማውን ምት ይመታሉ፣ ዝንብ ያባርራሉ፣ ያጠፋውንም አናቱን ይላሉ። ፋላኒኮ በተመለሰ ዓመት በኩራት ከመሃል አቁመውት ለውድድር ሄዱ። ዳኞቹ «ማታቫኦ አንድ ዘፋኝና ሰባ ዘጠኝ አጃቢ ይዞ ቀርቧል» ብለው መጨረሻ አስቀመጧቸው። እትዬ ፉአቲኖ ከዚያ ወዲያ ሊሰሙት አልፈለጉም።

«አክስቴ፣ ቀስ ብዬ እዘምራለሁ እኮ።»

«ቀስ ማለት የት ታውቅና? ባለፈው ቀስ አልኩ ብለህ የፓስተሩን ልጅ ከእንቅልፉ አባነንከው።»

«ስድስት ዓመት የተማርኩት ለምን ሆነና ታዲያ!»

«እሱን እኮ ነው የምልህ! ስድስት ዓመት ለብቻ መዘመር አስተምረው ላኩህ። እኛ ጋ ስንዘምር ማን እንደዘመረ አይታወቅም። አንተ ጨው የበዛበት ሾርባ ነህ፤ የሚቀመሰው ጨው ብቻ። ሂድ፣ ከሕዝቡ ጋር ተቀመጥ። ከንፈርህን ማንቀሳቀስ ትችላለህ።»

ዘጠኝ ዓመት ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

አንድ ማክሰኞ ግን ጉድ ተፈጠረ፤ በአገሩ ሰው አልሞተም። እንዲህ ያለ ቀን በዓመት አንዴ ቢገኝ ነው። ሰዓቱ ደረሰ፣ የሐዘን ዜናው መግቢያ ሙዚቃ ተለቀቀ፣ ፋላኒኮ ግን የሚያነበው ወረቀት የለውም። የጣቢያዋ ኃላፊ ሲሊያ ሰርግ ሄዳለች። ፊቱ አሥር ባዶ ደቂቃና አንድ ማይክሮፎን ቀርበውለታል። አክስቴ በዚህ ሰዓት ሬዲዮ ከጆሯቸው አይለይም ብሎ አሰበ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሥነ ሥርዓቱ ይስሙኝና ይፍረዱ አለ።

ጉሮሮውን ጠረገና አውስትራሊያ ሳለ ሌሎች ሲዘፍኑት ጦር ይዞ ያዳመጠውን የጣሊያንኛ ዘፈን ጀመረ። ልጁን የሚቀብር ንጉሥ እንጉርጉሮ ነው። ፋላኒኮ ዘፈነው ሳይሆን አለቀሰው ቢባል ይሻላል፤ መጨረሻው ላይ እንባው እውነተኛ ነበር። ሲጨርስ የሬዲዮ ልማዱ አሸነፈውና፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ማይክሮፎኑን ዘጋ።

ማታቫኦ ክው አለች። ፋላኒኮ ትላልቅ ሹማምንት ሲሞቱ ስማቸውን ያነበበው እንደ ገበያ ዋጋ ነበር። የሟቹን ስም መጥራት እንኳ አቅቶት፣ በማይታወቅ ቋንቋ እስኪንሰቀሰቅ ድረስ ማን ቢሞትበት ነው? ሁሉም ወደ እትዬ ፉአቲኖ ቤት ዞሮ አየ። ቤቱ ባዶ ነው፤ ጎረቤት ደግሞ በማለዳ አውቶቡስ ወደ አፒያ ሐኪም ቤት መሄዳቸውን አይታለች። አበቃ። የሄዱት ለመነጽር መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም፤ እትዬ ፉአቲኖ የዐይናቸውን ነገር ለማንም አይናገሩም።

ቆይ እስኪ እናጣራ ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። በአገሩ ልማድ ለለቅሶ የሚሰጠው ስጦታ በእጅ የተሠራ ምንጣፍ ነው፤ ይህን ይዞ ሟች ቤት መጨረሻ መድረስ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ውርደት ነው። የከርሞ ሰርግ ይጠብቅ የነበረው ጥሩ ጥሩ ምንጣፍ ሁሉ ከየሳጥኑ ወጣ። አሥራ አንድ አሳማ ታረደ፤ ሥጋው የሚበስልበት ድንጋይ ጋለ። መዘምራኑ ነጫቸውን ለብሰው ቤቱ ፊት ተደረደሩ፤ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች እንደ ልማዳቸው ኋላ ቆሙ።

ፋላኒኮ በበኩሉ ሥራውን ጨርሶ የመንደሩን አውቶቡስ ተሳፈረ። ሰው በሰው ጭን ላይ በሚቀመጥበት አውቶቡስ አንድ ሙሉ ወንበር ለቀቁለት። ሹፌሩ ሙዚቃውን አጠፋ። አንዲት እናት እጁን ጨበጡና የሙዝ ዘለላ ጭኑ ላይ አስቀመጡለት።

«ሰምተን ነበር» አሉት ቀስ ብለው።

«እውነት? እንዴት አገኙት?»

«ኧረ ልጄ፣ ልብ ይሰብራል።»

ፋላኒኮ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ለካ አገሬ ኦፔራ ይገባዋል አለ በሆዱ። መንገዱን ሙሉ ሙዙን ታቅፎ ለማን ምን ብሎ እንደሚመልስ ሲያሰላስል ነበር።

ማታቫኦ ሲወርድ ጭሱን አየ፣ ምንጣፎቹን አየ። የመንደሩ ተናጋሪ ሹም ታፑሶአ በትራቸውን ተደግፈው፣ የዝንብ ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው የክብር ንግግራቸውን ጀምረዋል። «ጨረቃ ጠለቀች፤ የማታቫኦ ድምፅ የነበሩት እናት ዐረፉ…» ሲሉ ጆሮው ገባ። ሙዙ ከእጁ ወደቀ። አክስቱ ሞተዋል፤ እሱ ሬዲዮ ላይ ለማያውቀው ንጉሥ ሲያለቅስ እሳቸው ሞተዋል። የሰማኝም የለም፣ የሚፈርድልኝም የለም አለ።

መዘምራኑ ጀመሩ። ፋላኒኮ እንዴት እንደሄደ አያውቅም፤ ከኋለኛው ረድፍ ጫፍ፣ ከዓሣ አጥማጁ ሴሚሲ ጀርባ ቆሞ ራሱን አገኘ። የሚከለክል አልነበረም። አፉን ከፈተ፤ ከሐዘኑ ብዛት ድምፁ ወደ ላይ መውጣት እምቢ አለ። ከሌሎቹ ድምፅ ሥር ገባና እዚያው ቀረ። እንዳይወድቅ በእነሱ ተደግፎ ዘመረ እንጂ ስድስት ዓመት የተማረው አንዱም ትዝ አላለውም።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቀጣዩ አውቶቡስ ቆመ። እትዬ ፉአቲኖ ወፍራም አዲስ መነጽር አድርገው ወረዱ። ምንጣፎቹን አንድ በአንድ አዩ፤ የምንጣፍ ስፌት እንዲህ ጥርት ብሎ ከታያቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል።

«ማን ሞተ?» አሉ።

መዝሙሩ ቀጥ አለ። ከቀጭን ድምፅ ዘማሪዎቹ አንዷ ጮኻ ወደቀች። ሹም ታፑሶአ ግን ስልሳ ዓመት ሲናገሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የተነጠፈ ምንጣፍ ተጠቅልሎ እንደማይመለስም ያውቃሉ። ትንሽ አሰቡና፣ «እርስዎ ነዎት፣ እናታችን» አሉ።

«እኔ?» እትዬ ፉአቲኖ ጫማቸውን አወለቁ። «እንግዲያስ ልግባና ልቀበል። ቀጥል፣ ሹም። ደግሞ አርባ እንዳትል፤ የመራሁት አርባ አንድ ዓመት ነው።»

ገብተው በክብር ተቀመጡ፤ ምንጣፉን አንድ ሳይቀር ተቀበሉ፤ ሙገሳው ያጠረባቸው ቦታ ላይ ጨመሩበት። «ስሞት ደግሞ ታመጣላችሁ» አሉ። «ይሄ ለዚያኛው አይቆጠርም።»

ነገሩ ሁሉ ከሬዲዮ መጀመሩ ሲነገራቸው ፋላኒኮን አስጠሩት። አንገቱን ደፍቶ ፊታቸው ተቀመጠ።

«ለማን ነበር እንዲያ ያለቀስከው?»

«ለአንድ… ጣሊያናዊ ንጉሥ።»

«ዘመድህ ነው?»

«አይደለም፣ አክስቴ። እርስዎ እንዲሰሙኝ ብዬ ነበር።»

«እኔ አልሰማሁም፤ ሐኪሙ ዐይኔን እያየ ነበር።» ማራገቢያቸውን አነሡ፤ ፋላኒኮ አናቱን አመቻቸ። እሳቸው ግን ማራገቢያዋን ወደ መዘምራኑ ጠቆሙ። «ይልቅ ከአውቶቡሱ ስወርድ የሰማሁት ሌላ ነው። እነዚህ የኋላ ወንዶች በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ረግጠው ሲዘምሩ ሰማሁ። ማነው ከሥር የያዛችሁ?»

የኋላ ወንዶች እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም እኔ ልሁን እንዴ የሚል ፊት ነበረው።

«ፋላኒኮ ከጀርባዬ ቆሞ ነበር» አለ ሴሚሲ እያመነታ። «እሱ ግን አልዘመረም። ብሰማው ኖሮ አውቀው ነበር እኮ፤ ማን የማያውቀው ድምፅ ነው?»

እትዬ ፉአቲኖ በአዲሱ መነጽራቸው የወንድማቸውን ልጅ ረጅም ጊዜ አዩት። የረጠበውን ጉንጩንም አዩ።

«እሑድ ነጭ ለብሰህ ና» አሉት። «ኋለኛው ረድፍ፣ እዚያው ሴሚሲ ጀርባ።»

ሲሊያ ከሰርጉ ስትመለስ ስቱዲዮው በር ላይ «ሰው ባልሞተ ቀን አይዘፈንም» የሚል ወረቀት ለጠፈች። ፋላኒኮ ቅር አላለውም። በመጀመሪያው እሑድ ነጭ ለብሶ ከጥግ ቆሞ ዘመረ፤ ሲወጡም እትዬ ፉአቲኖ ደጃፉ ላይ ያዙት።

«መጥተህ ነበር እንዴ ዛሬ?» አሉት ጮክ ብለው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ጭራሽ አልሰማሁህም።»

አሥራ አንድ ዓመት መድረክ ላይ ቆሞ እንዲህ ያለ ምስጋና ደርሶት አያውቅም። አመሰግናለሁ ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ደጃፉ ላይ ብዙ ሰው ነበር፤ ቢናገር ማን ሞተ ይሉታል።